እቁቡን ማን ሳበው? ለ«መሳብ ሕግ» ሰባኪው የተጻፈ ምላሽ

ሰሞኑን አዳማ ውስጥ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞር ጽሑፍ አለ። የጻፉት ሥልጠና በመስጠት የሚተዳደሩ ሰው ናቸው፤ ጽሑፉም ለቀጣዩ ሥልጠናቸው መጥሪያ መሆኑ ከመጨረሻው አንቀጽ ያስታውቃል። ከሰውየው ጋር ጠብ ስለሌለኝ ስማቸውን አላነሳም። የሚሉት ባጭሩ ይህ ነው፦ ሐሳብ እንደ ማግኔት የራሱን ዓይነት ይስባል፤ ይህም እንደ መሬት ስበት የማይሻር የሳይንስ ሕግ ነው። የፈለግኸውን ነገር አሁኑኑ እንዳገኘኸው አድርገህ በዓይነ ኅሊናህ ካየኸው ይመጣልሃል፤ ኃይሌ ገብረ ሥላሴም፣ ዋናተኛው ማይክል ፌልፕስም፣ ኮሜዲያኑ ጂም ኬሪም ለዚያ የበቁት እንዲህ አድርገው ነው። ስለ ኑሮ ውድነት፣ ስለ በሽታና ስለ ኪሳራ የሚያወራ ሰው እነዚህኑ ወደ ቤቱ ይጠራል። ቅዱስ መጽሐፉም የአባቶች ተረትም ይህንኑ ይመሰክራሉ። ሞክሮት ያልተሳካለት ካለ፣ በልቡ ጥግ ጥርጣሬ ስለነበረ ነው። ማሳረጊያቸው ጥያቄ ነው፦ ለመሆኑ በጎ ማሰብ ማንን ጎድቶ ያውቃል?

እኔ እዚሁ ከተማ በአንድ የቁጠባና ብድር ተቋም የብድር ማመልከቻ እመረምራለሁ። ሰው ያለመውን በቁጥር አስልቶ ይዞ ሲመጣ መስማት የዕለት ሥራዬ ስለሆነ ተስፋን የምንቅ ሰው አይደለሁም፤ ተስፋ የሌለው ሰው ቀድሞውኑ ደጃችን አይደርስም። ለጥያቄያቸውም መልስ አለኝ። ግን በተራ ልሂድ።

«ሕግ ነው» ከሚለው ልነሳ። የመሬት ስበት ሕግ የተባለው አማኝ የለቀቀው ድንጋይም ተጠራጣሪ የለቀቀው ድንጋይም እኩል ስለሚወድቅ ነው። የእሳቸው ሕግ ግን የሚሠራው ላመነበት ብቻ ነው፤ ካልሠራም ጥፋቱ የሰውየው እንጂ የሕጉ አይደለም። ቢሆንም ትክክል፣ ባይሆንም ትክክል የሆነ ነገር ሊፈተን አይችልም፤ የማይፈተን ነገር ደግሞ ሌላ ስም ይፈለግለት እንጂ ሳይንስ አይባልም። ማግኔቱም ቢሆን አልረዳቸውም። ሰሜኑ ከሰሜን ጋር ሲገናኝ ይገፋፋል እንጂ አይሳሳብም፤ ልጆቻችን በትምህርት ቤት የሚማሩት ነገር ነው። ሐሳብ ሞገድ አለው ላሉት፣ አንጎል የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ እንዳለው እውነት ነው። ሐኪሞች የሚለኩት ግን ኤሌክትሮድ ራስ ቆዳ ላይ ለጥፈውና በማጉያ አጉልተው ነው፤ መጠኑም የሚነገረው በማይክሮቮልት፣ ማለትም በቮልት ሚሊዮንኛ ነው። ከራስ ቅል ለመውጣት ይህን ያህል የሚቸገር ሞገድ ከጅቡቲ ወደብ ቪትዝ ጎትቶ አያመጣም። ስለ እጅግ ጥቃቅን ቅንጣቶች የሚያጠናው ኳንተም ፊዚክስም፣ «ተመልካቹ ውጤቱን ይለውጣል» ለማለት፣ እንደ ልማዱ ተጠርቷል። እዚያም ውጤቱን የሚነካው በመሣሪያ መለካቱ ነው እንጂ የለኪው ምኞት አይደለም።

ቪትዝ ካነሳሁ አይቀር፣ ጸሐፊው ከራሳቸው ሕይወት ያቀረቡት ማስረጃ እሱ ነው። ነጭ ቪትዝ ለመግዛት ከወሰኑ በኋላ ከፖስታ ቤት እስከ ፍራንኮ በሄዱበት ሁሉ ነጭ ቪትዝ ያዩ ጀመር፤ ዓለሙ ምልክት እየሰጣቸው እንደሆነ ገባቸው። የአዳማ መንገድ ላይ ግን ያን ሳምንት አንድም መኪና አልተጨመረም። ዓይናችን ያየውን ሁሉ አእምሯችን አይመዘግብም፤ የሚፈልገውን መርጦ ያስቀራል። ያረገዘች ሴት እርጉዝ ይበዛባታል፣ ቤት የሚሠራ ሰው በየደጁ የተከመረ አሸዋ ያያል። ትኩረት ነው። ጥሩ ነገር ነው፣ ይጠቅማልም፤ መኪናውን ግን አልሳበውም።

«ከጥንት ጀምሮ ተደብቆ የኖረ ምስጢር» የተባለውም ያን ያህል ጥንታዊ አይደለም። ሥሩ በ19ኛው ክፍለ ዘመን አሜሪካ ነው፤ ፊኒያስ ኩዊምቢ የተባለ የሜይን ግዛት ሰዓት ሠሪ በሽታ ከተሳሳተ እምነት ይመጣል እያለ ሰዎችን ያክም ነበር። «የመሳብ ሕግ» የሚለውን ስም ዊልያም አትኪንሰን የተባለ ደራሲ እ.ኤ.አ. በ1906 (ከዚህ በታች ያለው ዓመት ሁሉ እንደዚሁ ነው) በመጽሐፉ ርዕስ ላይ አወጣው። ልክ በመቶ ዓመቱ፣ በ2006፣ «ዘ ሲክሬት» የተሰኘው ፊልም መጣና በዓለም ዙሪያ ተሸጠ። የተደበቀበት ጊዜ ቢኖር እኔ አላየሁትም፤ ከተጀመረ ጀምሮ ገበያ ላይ ነው።

አሁን ወደ ኃይሌ። አሰላ ጎረቤታችን ስለሆነች ኃይሌ ሲነሳ አዳማም የራሷ ልጅ የተነሳ ያህል ደስ ይላታል፤ ጸሐፊውም ይህን ስለሚያውቁ ነው ከሁሉ አስቀድመው የጠሩት። በ2000 በሲድኒ ኦሊምፒክ፣ በ10,000 ሜትር፣ ኃይሌ ኬንያዊውን ፖል ቴርጋትን የቀደመው በ0.09 ሰከንድ ነበር። የዚያን ውድድር የመጨረሻ መቶ ሜትር ያየ ሰው ቴርጋት ወርቁን ከኃይሌ ያነሰ ፈልጎት ነበር ሊል ይደፍራል? ሰውየው በ1996 በአትላንታ ኦሊምፒክ፣ በ1997 በአቴንስና በ1999 በሴቪያ የዓለም ሻምፒዮናዎች ኃይሌን ተከትሎ ብር ወስዷል። ያ ሁሉ ሆኖ ሲድኒ ላይ እንደገና የተሰለፈው ራሱን ሁለተኛ እያየ አልነበረም። አንድ ወርቅ፣ ከልባቸው የሚያምኑ ሁለት ሰዎች፤ ሕጉ ለማን ይፍረድ? ደግሞስ ይኸው ኃይሌ በ2004 በአቴንስ ኦሊምፒክ አምስተኛ ወጣ፤ ወርቁን የበቆጂው ቀነኒሳ በቀለ ወሰደ። በአራት ዓመት ውስጥ በጎ ማሰብ ጠፍቶበት ነው? ዕድሜና ጉዳት አለ፣ ፊቱ ደግሞ የሚገርም ወጣት አለ፤ ሌላ ምስጢር አያስፈልገውም። ኃይሌ በልጅነቱ 10 ኪሎ ሜትር እየሮጠ ትምህርት ቤት ይሄድ እንደነበር የማያውቅ የለም፤ ሲሮጥ እጁን አጠፍ የሚያደርገውም ከያኔው ደብተር የቀረ ልማድ እንደሆነ ይነገራል። ይህ ሁሉ በጽሑፉ ውስጥ የለም። ሩጫው ወጥቶ ሕልሙ ብቻ ቀርቷል።

የፌልፕስ ታሪክ ጭራሽ በእሳቸው ላይ ይመሰክራል። አሰልጣኙ ቦብ ቦውማን ውድድሩን በአእምሮው እንዲደጋግም ያደርገው እንደነበር እውነት ነው፤ የሚደጋግመው ግን ድሉን ብቻ ሳይሆን ሊበላሽ የሚችለውንም ጭምር ነበር። በ2008 ቤጂንግ ላይ በ200 ሜትር ቢራቢሮ ዋና መነጽሩ ውሃ ሞላና ማየት አቃተው። ክንዱን ስንት ጊዜ እንደወረወረ እየቆጠረ ሄዶ ግድግዳውን ነካ፤ በ1:52.03 ወርቁንም የዓለም ክብረ ወሰኑንም ያዘ። መነጽሬ ውሃ ቢሞላስ ብሎ አስቀድሞ ማሰብ እኮ በጸሐፊያችን ሕግ ውሃውን መጥራት ነው!

ይህ ልዩነት በጥናትም ታይቷል። በ1999 የታተመ የሊየን ፋምና የሼሊ ቴይለር ጥናት የሎስ አንጀለስ ተማሪዎችን ከፈተና በፊት በቡድን ከፈለ። አንደኛው ወገን ጥሩ ውጤት አምጥቶ ሲደሰት በዓይነ ኅሊናው እንዲያይ ተነገረው፤ ሌላው ደግሞ ሲያጠና፦ የት እንደሚቀመጥ፣ ቴሌቪዥኑን ሲዘጋ፣ ደብተሩን ሲገልጥ። ማጥናቱን በዓይነ ኅሊናው ያየው ወገን በእርግጥም ብዙ አጠና፣ የተሻለም አመጣ። ውጤቱን ብቻ ያለመው ያነሰ ሰዓት አጠና፣ ውጤቱም ዝቅ አለ። ጀርመናዊቷ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ጋብሪዬል ኦቲንገን ከባልደረባዋ ጋር በ2002 ያወጣችው ጥናት ደግሞ ለእኛ ተመራቂዎች የተጻፈ ይመስላል። ከዩኒቨርሲቲ ወጥተው ሥራ የሚፈልጉ ወጣቶችን ለሁለት ዓመት ተከታተለች። ያማረ ሥራ ይዘው ራሳቸውን አዘውትረው የሚያልሙት ያነሰ ማመልከቻ አስገቡ፣ ያነሰ የሥራ ጥሪ መጣላቸው፣ ሥራ ሲይዙም ደመወዛቸው ዝቅተኛ ሆነ። በ2011 የወጣ ሌላ ሥራዋ ምክንያቱን ጠቆም ያደርጋል፤ ያማረ ሕልም ውስጥ የገባ ሰው የደም ግፊቱ ዝቅ ይላል፣ ሰውነቱ ነገሩ እንዳለቀለት ሁሉ ይዝናናል። ለመተኛት ግሩም ነው። ሲቪ ይዞ ፀሐይ ላይ ለመዞር ግን አይሆንም።

እዚህ ላይ ለጸሐፊው የሚጠቅም ነገር ልንገራቸው፤ ኦቲንገን ተስፋን በጅምላ አልጣለችም። በዚያው ጥናት «እንደሚሳካልኝ እገምታለሁ» ያሉት፣ ከልምዳቸው ተነስተው የጠበቁት፣ ብዙ ማመልከቻ አስገብተው የተሻለ አግኝተዋል። ሥራዋ የሚመክረው ምኞቱን ካየህ በኋላ ወዲያው እንቅፋቱን እንድታይ ነው፤ እሱ በመጣ ጊዜ ምን እንደምታደርግ አስቀድመህ ትወስናለህ። አሰልጣኙ ደግሞ ግማሹን ወስደው ግማሹን ከለከሉ፤ የከለከሉት ግማሽ ነው ሥራ የሚሠራው።

ጂም ኬሪ ድሃ በነበረበት ዘመን ለራሱ የ10 ሚሊዮን ዶላር ቼክ ጽፎ በኪሱ ይዞ ይዞር እንደነበር ራሱ ተናግሯል። ታሪኩን የተናገረው በ1997 ለቴሌቪዥን አቅራቢዋ ለኦፕራ ዊንፍሬይ ነው፤ እዚያው ወንበር ላይ ሳለ፣ አልመህ ብቻ ሄደህ ሳንዱዊች መብላት አይቻልም ብሎ ጨመረ። ጽሑፉ ቼኩን ጠቅሶ ሳንዱዊቹን ትቶታል።

«የተሳካላቸውን ጠይቁ፣ ሁሉም በጎ ያስቡ ነበር» ለሚለው ሩቅ ሳልሄድ እቁብ ልጥራ። ሠላሳ ነጋዴ ያለበት ሳምንታዊ እቁብ ይታሰበን። ሁሉም የመጀመሪያው ዕጣ እንዲወጣለት ይመኛል፤ አንዱ ዕቃ ሊያስገባ፣ አንዱ ልጁን ሊድር፣ አንዱ ሱቁን ሊያድስ። ስሙ ተጽፎ ይጠቀለላል፣ ይደባለቃል፣ አንድ ሰው እጁን ሰዶ አንዷን ያወጣል። የደረሰው ሰው «ልቤ ነግሮኝ ነበር» ይላል። አይዋሽም፣ ነግሮታል። የሃያ ዘጠኙም ልብ ነግሯቸው ነበር፤ እነሱን ግን የሚጠይቃቸው የለም። የአሰልጣኙ ምስክሮች በሙሉ ዕጣ የወጣላቸው ናቸው። ያው ሥልጠና ገብተው፣ ያንኑ ሥዕል ግድግዳ ላይ ለጥፈው፣ ዛሬ ሱቃቸው የተዘጋው ሰዎች መድረክ ላይ ወጥተው አይናገሩም።

እቁብ ሌላም የሚያስተምረው አለ። መጨረሻ ላይ ለሁሉም ይደርሳል፤ የሚደርሰውም ሁሉም በየሳምንቱ ስለሚጥል ነው። ቀድሞ የደረሰው ደግሞ ገንዘቡን ከመውሰዱ በፊት ዋስ ይጠራል። ተቀብሎ ቢጠፋስ? ብሎ ያሰበ ሰው ነው ይህን ያመጣው። እቁብ ያለ መተማመን አይቆምም፣ ያለ ዋስም አይቆምም። አያቶቻችን «መጥፎ አታስብ» የሚል አሰልጣኝ ሰምተው ቢሆን ኖሮ እቁብ የሚባል ነገር እስከ ዛሬ ባልደረሰ ነበር።

ወደ እኔ ጠረጴዛ ልምጣ። የብድር ቅጻችን ላይ ሊያጋጥሙ የሚችሉ ችግሮችንና መፍትሔያቸውን የሚጠይቅ ክፍል አለ። አንድ ወጣት የዶሮ እርባታ ዕቅድ ይዞ መጣ። ንጹሕ አጻጻፍ፣ የጫጩቱ ዋጋ፣ የእንቁላሉ ገቢ፣ በሦስተኛው ዓመት የሚገዛው መኪና ሳይቀር ተጽፏል። የችግሮቹ ክፍል ባዶ ነው። ረስተኸው ነው ወይ ስለው «አይ፣ ሆን ብዬ ነው፤ ከጻፍኩት ይመጣል» አለኝ። ከየት እንደሰማው አልጠየቅሁትም፤ አነጋገሩ ይናገራል። ፈንግል ቢገባስ? መኖ ቢወደድስ? ጫጩቶቹ ገና ሙቀት በሚፈልጉበት ሳምንት መብራት ቢጠፋስ? ባነሳሁ ቁጥር ፊቱ ይጠቁራል፤ እኔ እየሟረትኩበት ነው። ክትባት የሚባለው ነገር ዕቅዱ ውስጥ አልነበረም፤ ክትባት ለመግዛት መጀመሪያ በሽታውን ማሰብ ያስፈልጋላ! ብድሩ አልጸደቀም። አሰልጣኙ ቢሰሙ የእምነት ማነስ ነው እንደሚሉት አልጠራጠርም።

በተቃራኒው ባልትና የሚሠሩ አንዲት እናት ነበሩ። እሳቸው ከጀመሩ ማማረሩን አያቆሙም። በርበሬ ሲቀነጠስና ሲደርቅ ከኪሎው ስንት እንደሚጎድል፣ ክረምት ላይ እርጥበት እንደሚያበላሸው፣ ወፍጮ ቤቱ መብራት ሲጠፋበት ደንበኛ እንዴት እንደሚሸሽ፣ ዱቤ ወስዶ የሚጠፋው ማን ማን እንደሆነ፤ ሁሉን በጣታቸው ይቆጥራሉ። «እንደው ልጄ፣ ይሄ ሁሉ ችግር እያለበት ለምን እንደምገባበት እኔም አላውቅ» ይላሉ እየሳቁ። ግን በእያንዳንዱ ችግር ጎን ምን እንደሚያደርጉ ያውቁ ነበር፦ በርበሬውን ሲረክስ ገዝተው ያስቀምጣሉ፣ ሁለተኛ ወፍጮ ቤት ተነጋግረዋል፣ ዱቤ ለሦስት ሰው ብቻ ነው። ሁለት ሰው ጥናት እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ምስኪን ጨለምተኛም ሲከስር አይቻለሁ። እኚህን ሴት የማነሳው ጸሐፊው «አሉታዊ ሰው ነው፣ ራቁት» ብለው የሚያስጠነቅቁን እሳቸውን ስለሆነ ነው። እኔ ግን ከእሳቸው ርቄ ከማን ጋር ልሥራ?

አባባላችንንም ያለ ቦታው አቁመውታል። «ቸር ተመኝ ቸር እንድታገኝ» የሚባለው ለጎረቤት ነው፤ ለሰው ክፉ አትመኝ፣ ለአንተም የሚመኝልህ አይጠፋም የሚል የአብሮ መኖር ምክር ነው። ቁጭ ብሎ ለሚመኝ ሰውማ አባቶች ሌላ አላቸው፦ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ»።

ከቅዱስ መጽሐፍ የጠቀሱት «በልቡ እንዳሰበ እንዲሁ ነው» የሚለውን ከምሳሌ 23 ነው። ምዕራፉን ከፍቶ ከላይና ከታች ማንበብ ይበቃል። የሚናገረው ስለ ንፉግ ጋባዥ ነው፤ አፉ ብላ ጠጣ ይልሃል፣ ልቡ ግን ከአንተ ጋር አይደለም፣ ስለዚህ እንጀራውን አትብላ ይላል። ሀብት ስለ መሳብ አንድም ነገር የለበትም። ስለ ንግድና ስለ ነገ የሚናገር ከፈለጉ የያዕቆብ መልእክት ምዕራፍ 4 አለላቸው፤ ወደዚያች ከተማ ሄደን እንነግዳለን እናተርፋለን የሚሉትን ነገ የሚሆነውን አታውቁም ብሎ ይገሥጽና ጌታ ቢፈቅድ በሉ ይላል። ጽሑፉ ደግሞ «እግዜር ከፈቀደ» እና «ኢንሻአላህ» ማለት የጥርጣሬ ቃል ነው፣ ተዉት ይለናል! ይህን አዳማ ላይ፣ ቤተ ክርስቲያኑና መስጊዱ በተጎራበተበት ከተማ፣ መጻፍ ድፍረት ይጠይቃል። ሙስሊሙ ጎረቤቴ ደግሞ ኢማም ቲርሚዚ የዘገቡትን የነቢዩ ሙሐመድን ሐዲስ ይነግረኛል፤ ግመሌን ፈትቼ በአላህ ልመካ ወይስ አስሬ ለጠየቀው ሰው መልሱ እሰርና ተመካ ነበር። ጸሎትም ዱዓም ልመና ነው፤ የሚለምን ሰው እምቢ ሊባል እንደሚችል ያውቃል። የጽሑፉ ሰው ግን ያዝዛል።

በበሽታ ላይ ያሉት ከሁሉም አደገኛ ነው። «ታምሜያለሁ አትበል፣ ድኛለሁ በል» ይላሉ። እምነት ሕመም እንደሚያስታግስ አልክድም፤ ሐኪሞች ፕላሴቦ የሚሉት፣ መድኃኒት ነው ተብሎ የሚሰጥ ባዶ ኪኒን፣ ሕመምንና ማቅለሽለሽን በእርግጥ ይቀንሳል። ዕጢ ግን አያሟሽሽም። በ2007 የወጣ የጄምስ ኮይንና የባልደረቦቹ ጥናት 1,093 የራስና የአንገት ካንሰር ሕሙማንን ተከታትሎ፣ መንፈሳቸው የበረታውም የደከመውም በመኖር ዕድሜ ልዩነት እንዳልነበራቸው አገኘ። ይህ ለታማሚ የሚያሳዝን ዜና አይደለም፤ ማልቀስ የፈለገ እንዲያለቅስ ይፈቅድለታል። እኛ አገር ደግሞ «ድኛለሁ» ብሎ የኤችአይቪ መድኃኒቱን ያቋረጠ ሰው ምን እንደሚሆን አይተናል። አቡነ ጳውሎስ በፓትርያርክነታቸው ዘመን ጠበሉንም ጠጡ መድኃኒቱንም አትተዉ ብለው በአደባባይ ያስተማሩት ለዚህ ነበር። በጠበል የሚያምን ሰው ከኪኒኑ ጋር ካልተጣላ፣ አሰልጣኙ ለምን ይጣላሉ?

በየጠዋቱ መስታወት ፊት ቆሞ «እኔ አሸናፊ ነኝ» ማለትን በሚመለከት፣ በ2009 የካናዳዋ ጆአን ዉድና ባልደረቦቿ ለራሳቸው ዝቅተኛ ግምት ያላቸው ሰዎች «እኔ የምወደድ ሰው ነኝ» ሲሉ ይባስ ስሜታቸው እንደሚወርድ አሳይተዋል። መድኃኒቱ በጣም የሚያስፈልገውን ሰው ነው የሚጎዳው።

አንድ ነገር ልስጣቸው። እምነት ዓለምን የሚለውጥበት ቦታ አለ፤ እሱም በሰውና በሰው መካከል ነው። የሶሺዮሎጂ ሊቁ ሮበርት መርተን በ1948 የጻፈው የባንክ ምሳሌ እኛ ሠራተኞቹ እንቅልፍ የምናጣበት ነው፤ ጤነኛ ባንክ ሊወድቅ ነው የሚል ወሬ ይነዛል፣ ሰው ገንዘቡን ሊያወጣ ይጎርፋል፣ ባንኩም በእርግጥ ይወድቃል። አስተማሪ ከተማሪው ብዙ ሲጠብቅ፣ ሻጭ በፈገግታ ሲቀበል፣ ተመሳሳይ ነገር ይሆናል። ግን መንገዱ ይታያል፦ ሰልፍ አለ፣ ንግግር አለ፣ የተፈረመ ወረቀት አለ። አንድ ሰው ማንም ሳይሰማው ቤቱ ተቀምጦ ስላሰበ ብቻ የወደቀ ባንክ የለም።

እንግዲህ ጥያቄያቸው፦ በጎ ማሰብ ማንን ጎድቶ ያውቃል? በ2023 የወጣ የአውስትራሊያው የኩዊንስላንድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሥራ ከአንድ ሺህ በላይ ሰዎችን ጠይቆ ነበር። በዚህ የመሳብ እምነት የጸኑት ራሳቸውን የተሳካላቸው አድርገው ያያሉ፤ በገቢና በትምህርት ግን ከሌላው የተሻሉ አልነበሩም። አደገኛ ኢንቨስትመንት ይበልጥ ይማርካቸዋል፣ ኪሳራ አውጀው የማወቃቸውም ዕድል ከፍ ያለ ነበር። የትኛው የትኛውን እንዳመጣ ጥናቱ አይቆርጥም፤ ያም ሆኖ በአቋራጭ የመበልጸግን ሕልም የሚሸጥ ሰው ደንበኛውን የት እንደሚያገኝ ያሳያል። እጅግ የከፋውም ሆኗል። ከዚያው የ2006 ፊልም ተናጋሪዎች አንዱ፣ ጄምስ አርተር ሬይ፣ በ2009 በአሪዞና ሴዶና አቅራቢያ ሰዎችን ሰብስቦ በጋለ ድንጋይና በእንፋሎት በሞላ ድንኳን ውስጥ አስገባ። ሦስት ሰዎች ሞቱ፤ በ2011 ፍርድ ቤት በቸልተኝነት ሰው በመግደል ጥፋተኛ አለው። ወደ 10,000 ዶላር የሚጠጋ የከፈሉ፣ «ድክመትህን አሸንፍ» የተባሉ ሰዎች ነበሩ። ሰውነታቸው ውጡ ሲላቸው መስማት እንደ ሽንፈት ነበር።

የእኛ ከተማ ጉዳት ከዚያ ያነሰና ዝም ያለ ነው። ሱቁ የከሰረበት ሰው ዕዳው ሳያንሰው «በደንብ አላመንክም» የሚል ፍርድ ይጨመርበታል። የኪራይ መናር፣ የዶላር ዋጋ፣ መብራት፣ መንገዱ ሲቆፈር የጠፋው ደንበኛ፣ ሁሉም ከሒሳቡ ይወጣል፤ የሚቀረው የሰውየው ጭንቅላት ብቻ ነው። ሀብታሙ በሐሳቡ ከበለጸገ፣ ድሃው በሐሳቡ ደኽይቷል ማለት ነው። ጸሐፊው ይህን ዓረፍተ ነገር አልጻፉትም። ሕጋቸው ግን ይለዋል፤ በድርቅ ከብቶቹ ያለቁበት አርብቶ አደር ፊት ቆመው ይበሉት እስቲ።

አንድ ጥያቄ እኔም አለኝ። እኛ ጋ በየሩብ ዓመቱ ስንት ሰው ተበደረ፣ ስንቱ መለሰ፣ ስንቱ አቃተው የሚል ሪፖርት ይቀርባል፤ ያቃታቸውም በቁጥር ይገባሉ፣ አለቃ ባይወደውም። ጸሐፊው የሚቀጥለውን መጥሪያ ሲያሳትሙ ባለፈው ዙር ስንት ሰው ከፍሎ እንደገባ፣ ያለመውን ያገኘው ስንት እንደሆነ፣ ያላገኘውም ስንት እንደሆነ ከዋጋው አጠገብ ይጻፉልን።